ከማጅራት ወደ ግንባር

የፀጉር ንቅለ ተከላ ማለት ከአንድ ሰው ራስ ኋላና ጎን፣ ከማጅራት ከፍ ብሎ ካለው ስፍራ፣ ፀጉር ከነሥሩ እየተነቀለ እዚያው ሰው ላይ ፀጉር ወደ ሳሳበት ወይም ወደ ጠፋበት ግንባርና አናት የሚተከልበት የቀዶ ሕክምና ዓይነት ነው። ይህ የትምህርት ዝግጅት የሚያተኩረው በደብረ ብርሃን፣ በአንኮበርና በአካባቢያቸው የሚኖር ሰው ይህን ሕክምና ለማድረግ ወይም ለመተው ከመወሰኑ አስቀድሞ ሊያውቀው በሚገባው ነገር ላይ ሲሆን፣ የቀዶ ሕክምናው አሠራርም ለውሳኔው በሚረዳ መጠን ይብራራል።

ስያሜው ራሱ ብዙ ይናገራል። በቀወት ወረዳ፣ በሸዋ ሮቢት ዙሪያ፣ ሽንኩርት የሚያለማ ገበሬ ዘሩን አስቀድሞ በመደብ ላይ አፍልቶ ችግኙ ሲጠና እየነቀለ ወደ ማሳው ያዛውራል፤ የፀጉር ሐኪም የሚሠራውም ከዚህ የራቀ አይደለም። ልዩነቱ አንድ ብቻ ቢሆንም ውሳኔውን ሁሉ የሚገዛው እርሱ ነው፤ ገበሬው መደቡ ባዶ ሲሆን እንደገና ዘር ሊበትንበት ይችላል፣ የራስ ቆዳ ግን የፀጉሩ ሥር በሙሉ ከወጣለት ስፍራ ዳግመኛ አያበቅልም። ስለዚህ ንቅለ ተከላ አንዲት አዲስ ፀጉር እንኳ አይጨምርም፤ ያለውን ከአንድ ስፍራ ቀንሶ ለሌላው ያካፍላል። በማስታወቂያ የሚታዩት የ«በፊት» እና የ«በኋላ» ፎቶግራፎች የሚያሳዩት የተቀበለውን ግንባር ነው፤ የሰጠውን ማጅራት የሚያሳዩ ጥቂት ናቸው።

የኋላ ፀጉር ወደ ፊት ሲዛወር ለምን እንደማይረግፍ የታወቀው በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ነው። ሾጂ ኦኩዳ የተባለ ጃፓናዊ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1939 ፀጉር ያለበትን ቆዳ በትንንሽ ክብ ቁራጮች እያወጣ ጠባሳ ባለበት ስፍራ ስለ መትከል ጽፎ የነበረ ቢሆንም፣ የዓለም ጦርነት መካከል ስለ ገባ ሥራው ከጃፓን ውጭ ሳይታወቅ ቆየ። ኖርማን ኦሬንትራይክ የተባለው የኒው ዮርክ የቆዳ ሐኪም እ.ኤ.አ. ከ1952 ጀምሮ በራ የወጣባቸውን ወንዶች በዚህ መንገድ ካከመ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1959 ባሳተመው ጽሑፍ፣ የተዛወረ ፀጉር ጠባዩን የሚይዘው ከመጣበት ስፍራ እንጂ ከተተከለበት እንዳልሆነ አስረዳ። ይኸውም ከማጅራት በላይ ያለ ፀጉር በተፈጥሮው የማይረግፍ ከሆነ በግንባር ላይ ቢተከልም ሳይረግፍ ይኖራል ማለት ነው፤ ሕክምናው በሙሉ የቆመው በዚህ ግኝት ላይ ነው።

በራ፣ በሕክምናው አጠራር የወንዶች የዘር ራሰ በራነት፣ የሚመጣው ቴስቶስተሮን የተባለው የወንድነት ሆርሞን በሰውነት ውስጥ ወደ ዳይሃይድሮቴስቶስተሮን ሲለወጥና ይህ ሁለተኛው ሆርሞን በዘር ለእርሱ የሚሸነፉትን የግንባርና የአናት ፀጉር ሥሮች ቀስ በቀስ ሲያቀጭጫቸው ነው። ፀጉሩ በአንድ ቀን አይረግፍም፤ በየዙሩ እየቀጠነ፣ እያጠረ፣ በመጨረሻም ዓይን የማያየው ስስ ፀጉር ሆኖ ይቀራል። ጄምስ ሃሚልተን የተባለ አሜሪካዊ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1942 ከጉርምስና በፊት የተሰለቡ ወንዶች በራ እንደማይወጣባቸው፣ የወንድነት ሆርሞን ሲሰጣቸው ግን በዘራቸው በራ ያለባቸው መመለጥ እንደሚጀምሩ በማሳየት የሆርሞኑንና የዘርን ድርሻ ግልጽ አደረገ። በነጭ ወንዶች ዘንድ 50 ዓመት ሲሞላ ግማሽ ያህሉ ይህ ነገር የሚታይባቸው ሲሆን፣ በአፍሪካውያንና በእስያውያን ዘንድ ቁጥሩ ያነሰ ነው።

የፀጉር መሳሳት ሁሉ ግን በራ አይደለም፤ ንቅለ ተከላን የሚያስብ ሰው ብዙ ጊዜ የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው። በሰሜን ሸዋ ገጠሮች በሕፃናት ራስ ላይ የሚወጣው ቆረቆር በፈንገስ የሚመጣ ተላላፊ በሽታ ሲሆን፣ በጊዜው በሚዋጥ መድኃኒት ከታከመ ፀጉሩ ይመለሳል፤ ሳይታከም ከቆየና በተለይም ቢጫ ቅርፊት የሚያወጣው ዓይነቱ ከሆነ ግን የፀጉሩን ሥር አጥፍቶ ጠባሳ ይተዋል። እንዲህ ያለ የልጅነት ጠባሳ ያለበት ጎልማሳ በሽታው ፈጽሞ ከጠፋ በኋላ ለንቅለ ተከላ ሊታሰብ የሚችል ቢሆንም፣ በጠባሳ ቆዳ ውስጥ የደም ሥር አነስተኛ ስለሆነ የሚበቅለው ፀጉር ከጤናማ ቆዳው ያነሰ ይሆናል። ብዙዎች ላሽ የሚሉት፣ ፀጉር በክብ ቅርጽ ድንገት ተልጦ የሚታይበት በሽታ ደግሞ የሰውነት መከላከያ የራሱን የፀጉር ሥር ጠላት አድርጎ ሲያጠቃ የሚከሰት ነው፤ ብዙውን ጊዜ በራሱ ወይም በመድኃኒት ይመለሳል፣ በሽታው ሳይረጋ ፀጉር ቢተከልበት ግን የተተከለውም በተመሳሳይ ጥቃት ሊረግፍ ይችላል።

የሴቶች ጉዳይ ለብቻው ሊታይ ይገባዋል። ሹሩባ ከልጅነት ጀምሮ ጠበቅ ተደርጎ ሲሠራና በላዩም ሰው ሠራሽ ፀጉር ሲቀጠልበት፣ በግንባር ዳርና በጆሮ ግንድ አካባቢ ያለው ፀጉር ከዓመታት መጎተት በኋላ ይሳሳል። ጉዳቱ በመጀመሪያው ጊዜ ከታወቀ መድኃኒቱ ሹሩባውን ማላላት ነው፤ ለብዙ ዓመታት ከቀጠለ ግን ሥሩ ይሞታል፣ ያን ጊዜ ንቅለ ተከላ ከሚረዳባቸው የሴቶች የፀጉር ችግሮች አንዱ ይሆናል፤ መጎተቱ ካልቆመ ግን የተተከለውም በዚያው መንገድ ይሄዳል። ከወሊድ፣ ከከባድ ትኩሳት ወይም ከረጅም ሕመም ከሁለትና ሦስት ወር በኋላ ፀጉር በእፍኝ እስኪዘገን የሚረግፍበት ሁኔታም አለ፤ ይህ የሚያስደነግጥ ቢሆንም በአብዛኛው በወራት ውስጥ ያለ ምንም ቀዶ ሕክምና ይመለሳል። የደም ማነስና በደጋው አገር የሚታየው የእንቅርት ሕመም ፀጉርን እንደሚያሳሱ፣ የቅንድብ ጫፍ መርገፍ ደግሞ አንዳንድ ጊዜ የሥጋ ደዌ ምልክት ሊሆን እንደሚችል ሲታሰብ፣ ምርመራ ያልቀደመው ንቅለ ተከላ የበሽታ ምልክትን በገንዘብ መሸፈን ሊሆን ይችላል።

የአንኮበር ወረዳ በባሕል መድኃኒት ዕውቀት የታወቀ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ አንድ የእፅዋት ጥናት በወረዳው ለሰው ሕመም የሚውሉ በርካታ የመድኃኒት እፅዋት ዓይነቶችን መዝግቧል። ይህ ዕውቀት ሊከበር የሚገባው ቢሆንም፣ ራስ ላይ የሚለበጥ የሚያቃጥል ቅጠል ወይም ሥር ቆዳውን አቁስሎ ራሱ ጠባሳ ሊፈጥር ስለሚችል፣ በዚህ ረገድ መጠንቀቅ ተገቢ ነው። ቅቤ ፀጉርን ያለሰልሳል፣ እንዳይሰባበርም ይረዳል፤ የሞተን የፀጉር ሥር ግን አያስነሣም።

ምርመራው በራ መሆኑን ካረጋገጠ ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ የዕድሜ ነው፤ በዚህ ዝግጅት እይታ ከሁሉ የሚከብደውም ይኸው ነው። በ22 ዓመቱ ግንባሩ መሸሽ የጀመረ ወጣት ፀጉሩ የት ድረስ እንደሚሸሽ ሐኪምም ሆነ ራሱ አያውቅም። ሃሚልተን እ.ኤ.አ. በ1951 የበራን አካሄድ በደረጃ ከፋፍሎት፣ ኦታር ኖርዉድ የተባለ ሐኪም በ1975 አሻሽሎት እስከ ዛሬ የሚሠራበት መለኪያ ሰባት ደረጃዎች አሉት፤ በመጨረሻው ደረጃ ላይ የሚቀረው ከጆሮ እስከ ጆሮ በኋላ የሚዞር ጠባብ የፀጉር መቀነት ብቻ ነው። ይህ ወጣት ግንባሩን ዛሬ በጥቅጥቅ ፀጉር ቢያስሞላና ከኋላው ያለው የራሱ ፀጉር ግን መርገፉን ቢቀጥል፣ በ40 ዓመቱ ከፊት ተተክሎ የቀረ የፀጉር ደሴት፣ ከኋላው ባዶ አናት ይዞ ይገኛል፤ ደሴቱን ከቀሪው ጋር ለማገናኘት የሚያስፈልገው ፀጉርም ያን ጊዜ አልቆ ሊሆን ይችላል።

ስሌቱ ከባድ አይደለም። ሐኪሞች ግራፍት የሚሉት ከአንድ እስከ አራት ፀጉር የያዘች፣ ከነሥሯ የምትወጣ ትንሽ የቆዳ ቅንጣት ናት። ከአንድ ሰው ራስ ኋላ በዕድሜ ዘመኑ ሙሉ ሳይጎዳው ሊወሰድ የሚችለው በግምት ከ4,000 እስከ 8,000 ግራፍት ነው። በራው ሰፊ የሆነበት ሰው የተመለጠው ስፍራ 200 ካሬ ሴንቲ ሜትር ያህል ሊደርስ ስለሚችል፣ በእያንዳንዱ ካሬ ሴንቲ ሜትር 35 ግራፍት ቢተከል 7,000 ያስፈልጋል፤ ይህ ደግሞ ለብዙ ሰው ጎተራውን አሟጥጦ የሚወስድ ነው። እንዲያም ሆኖ 35 ግራፍት የወጣትነትን ጥቅጥቅ ፀጉር አይመልስም፤ ዓይን ፀጉር አለ ብሎ እንዲቀበል የሚያስችል ሽፋን ብቻ ይሰጣል። ለዚህ ነው አስተዋይ ሐኪም የወጣትን የግንባር መስመር ዝቅ አድርጎ ከመሥራት ይልቅ ለ50 ዓመት ሰው የሚስማማ ከፍ ያለ መስመር የሚመርጠው፤ የታካሚውን ፍላጎት ሁሉ «እሺ» ብሎ የሚቀበል ሐኪም ደግሞ ሊያሳስብ የሚገባው ለዚህ ነው።

በአሠራር ረገድ ሁለት ዘዴዎች አሉ። ኤፍ ዩ ቲ የሚባለው ከኋላ ቀጭን የቆዳ ቁራጭ በቢላ ተወስዶ በማጉያ መሣሪያ ወደ ግራፍት የሚከፋፈልበት ሲሆን መስመር የመሰለ ጠባሳ ይተዋል፤ ኤፍ ዩ ኢ የሚባለው ደግሞ ስፋቷ ወደ አንድ ሚሊ ሜትር በሚጠጋ ክብ ስለት ግራፍቱ አንድ በአንድ የሚወጣበትና በየቦታው የተበተኑ ነጥቦች የሚተውበት ነው። ፀጉራቸውን አሳጥረው መቆረጥ ለሚወዱ ሰዎች የኤፍ ዩ ቲ መስመር ሊታይ ስለሚችል ኤፍ ዩ ኢ ይመረጣል። ሥራው በመደንዘዣ መርፌ፣ ሰውየው ነቅቶ ሳለ፣ አንዳንድ ጊዜ ሙሉ ቀን የሚወስድ ነው።

ለኢትዮጵያውያን ግን አንድ ተጨማሪ ነገር አለ። የተጠቀለለ ፀጉር ሥሩ ከቆዳው በታችም እንደ ማጭድ የታጠፈ ስለሆነ፣ ቀጥ ያለው ስለት ሥሩን መሐል ላይ ሊቆርጠውና ሊገድለው ይችላል። ለቀጥተኛ ፀጉር የለመደ እጅ በተጠቀለለ ፀጉር ላይ የሚያባክነው ግራፍት ብዙ ሊሆን ስለሚችል፣ ታካሚው ሐኪሙን ስለ ዋጋ ከመጠየቁ በፊት በተጠቀለለ ፀጉር ላይ ስለ ሠራው ሥራ ቢጠይቀው ይሻላል። በሌላ በኩል የተጠቀለለ ፀጉር በአንድ ግራፍት ብዙ ቆዳ ስለሚሸፍን፣ ተመሳሳይ መልክ ለማግኘት ከቀጥተኛው ያነሰ ሊበቃው ይችላል። ጥቁር ቆዳ ኬሎይድ ለሚባለው፣ ከቁስሉ ድንበር አልፎ እያበጠ ለሚያድግ ጠባሳ ይበልጥ የተጋለጠ ነው፤ ጆሮው ሲበሳ ወይም ክትባት ሲከተብ እንዲህ ያለ ጠባሳ የወጣበት፣ ወይም በቤተሰቡ ውስጥ የወጣበት ያለ ሰው፣ ይህን ለሐኪሙ መናገር አለበት።

በደብረ ብርሃን ለሚኖር ሰው የመጀመሪያው ጉዞ ሩቅ አይደለም፤ ከተማይቱ ኮምፕሬሄንሲቭ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል አላት፣ የደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲም የጤና ሳይንስ ካምፓሱን በታዋቂው የቀዶ ሕክምና ሊቅ በፕሮፌሰር አሥራት ወልደየስ ስም ሰይሞ ሐኪሞችን ያሠለጥናል። የቆዳ ሐኪም ያስፈልጋል ከተባለ፣ እ.ኤ.አ. በ1965 በአዲስ አበባ በዘነበወርቅ አካባቢ ለሥጋ ደዌ ሕክምና የተቋቋመውና ዛሬ በቆዳ ሕክምና የታወቀው አለርት ሆስፒታል ከደብረ ብርሃን 130 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ይርቃል። ንቅለ ተከላውን ራሱን የሚፈልጉ ግን በአዲስ አበባ ያሉ የግል ክሊኒኮችን ወይም ኢስታንቡልን ይመለከታሉ።

ኢስታንቡል ከመላው ዓለም ለዚህ ጉዳይ የሚኬድባት ከተማ ሆናለች፤ ሆቴሉ፣ ማመላለሻው፣ ቀዶ ሕክምናው በአንድ ዋጋ ተጠቅልሎ ይቀርባል። ጥሩ ሐኪሞች እንዳሉባት አያጠራጥርም። ችግሩ በአንዳንድ ስፍራ በስሙ የተጠራው ሐኪም ለጥቂት ደቂቃ ብቻ ታይቶ ሥራውን ፈቃድ የሌላቸው ረዳቶች የሚጨርሱበት ሁኔታ መኖሩ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1993 የተመሠረተው ዓለም አቀፉ የፀጉር ተሃድሶ ቀዶ ሕክምና ማኅበርም ስለዚሁ ደጋግሞ አስጠንቅቋል። ሰውየው በሦስተኛው ቀን ወደ አገሩ ይበርራል፤ ቁስሉ ቢመረቅዝ፣ ወይም በዓመቱ ውጤቱ ባያምር፣ የሚጠይቀው ሐኪም በሌላ አገር ነው። ከደብረ ብርሃን አዲስ አበባ ተመላልሶ መታየት ከዚህ ጋር ሲነጻጸር ትንሽ ድካም ነው፤ በአዲስ አበባም ቢሆን የክሊኒኩን ፈቃድና የሐኪሙን የሙያ ፈቃድ መጠየቅ እንደ ነውር ሊቆጠር አይገባም።

ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ያለው ጊዜ ከአካባቢው ኑሮ ጋር መታሰብ አለበት። የፀሐይ ጨረር በየ1,000 ሜትር ከፍታ 10 በመቶ ገደማ ስለሚጨምር፣ ከባሕር ወለል በ2,800 ሜትር ገደማ ላይ በምትገኘው ደብረ ብርሃን ብርዱ ቢያታልልም ፀሐዩ አዲሱን ቆዳ ያቃጥላል፤ ሐኪሙ ሲፈቅድ ልል ባርኔጣ ማድረግ ይገባል። በሦስተኛውና በአራተኛው ቀን እብጠት ከግንባር ወደ ዓይን ሊወርድ ስለሚችል ራስን ዝቅ ማድረግ አይመከርም፤ ስለዚህ ምእመን የሆነ ሰው ቀጠሮውን ከሰሙነ ሕማማት ስግደት ጋር እንዳይጋጭ አድርጎ ቢይዘው መልካም ነው። የተተከለው ፀጉር ከሁለትና ከሦስት ሳምንት በኋላ ሲረግፍ ብዙዎች ይደነግጣሉ፤ የሚረግፈው ዘንጉ ነው፣ ሥሩ በቆዳው ውስጥ ይቀራል፣ በሦስተኛውና በአራተኛው ወርም ማቆጥቆጥ ይጀምራል፤ ውጤቱ በእርግጥ ሊመዘን የሚችለው ዓመት ሲሞላው ነው።

ንቅለ ተከላ የሚያደርግም የማያደርግም ሰው ሊያውቃቸው የሚገቡ ሁለት መድኃኒቶች አሉ። ሚኖክሲዲል በራስ ቆዳ ላይ የሚቀባ ሲሆን፣ ፊናስተራይድ በቀን 1 ሚሊ ግራም የሚዋጥና ቴስቶስተሮን ወደ ሁለተኛው ሆርሞን እንዳይለወጥ የሚያግድ ነው፤ በአሜሪካ ለራሰ በራነት የተፈቀደውም እ.ኤ.አ. በ1997 ነው። ሁለቱም ያለውን ፀጉር ለማቆየት ይረዳሉ፣ በተውዋቸው ጊዜ ግን ጥቅማቸው አብሮ ይጠፋል። ፊናስተራይድ በጥቂት ወንዶች ላይ የወሲብ ፍላጎትን የሚቀንስ ሲሆን፣ የወንድ ፅንስንም ሊጎዳ ስለሚችል ነፍሰ ጡር ሴት የተሰበረውን ክኒን መንካት የለባትም፤ ስለዚህ ከመድኃኒት መደብር በወሬ የሚገዛ አይደለም። ቀዶ ሕክምና አድርጎ መድኃኒቱን የተወ ሰው ያልተተከለው ፀጉሩ መርገፉን ስለሚቀጥል ብዙ ጊዜ ለሁለተኛ ቀዶ ሕክምና ይዳረጋል።

ሕክምናውን አለመፈለግም የተሟላ ውሳኔ መሆኑ ሊነገር ይገባል። ፀጉር በዚህ አገር ክብር የተሸከመ ነገር ነው፤ ጎፈሬ የጀግና ምልክት ነበር፣ ከመቅደላ እ.ኤ.አ. በ1868 የተወሰደው የአፄ ቴዎድሮስ ፀጉር በ2019 ከለንደን ሲመለስ ሕዝቡ የተቀበለው በክብር ነው። ሆኖም እ.ኤ.አ. በ1844 በአንጎለላ የተወለዱት፣ በአንኮበርም የነገሡት ዳግማዊ አፄ ምኒልክ በፎቶግራፎቻቸው በብዛት የሚታዩት ራሳቸውን በነጭ ሻሽ አስረው፣ በላዩም ሰፊ ባርኔጣ ደፍተው ነው፤ ግርማቸውን ማንም በጎፈሬ ሲለካው አልተሰማም። የደብረ ብርሃን ብርድም ቆብና ባርኔጣን የሁሉ ሰው ልብስ ስላደረገው፣ ራሰ በራ ሰው በዚህ ከተማ ከሌላው የተለየ አይመስልም። ጭንቀቱ ከፀጉሩ መጠን በላይ ሆኖ ከሰው መሐል ያራቀው፣ በየሰዓቱ መስታወት የሚያስመለክተው ሰው ካለ ግን ቀዶ ሕክምና ያን ጭንቀት ስለማይነቅለው፣ አስቀድሞ የአእምሮ ጤና ባለሙያ ሊያነጋግር ይገባል።

በዚህ ዝግጅት አስተያየት፣ ዕድሜው ከ30 የዘለለ፣ የፀጉሩ አሸሻሽ ለዓመታት ረግቶ የታየ፣ በኋላ በኩል በቂ ፀጉር ያለው፣ ኬሎይድ የሌለበትና ከበራ በስተቀር ሌላ በሽታ እንደሌለው በቆዳ ሐኪም የተረጋገጠለት ሰው ንቅለ ተከላን ቢያስብ አይነቀፍም፤ ከዚህ ውጭ ያለው ቢታገሥ ይሻላል፣ የኋላ ፀጉሩ ዓመታት ቢያልፉም እዚያው ይጠብቀዋልና። አስቦበት የጀመረ አድማጭ ከዛሬ ጀምሮ ግንባሩንና አናቱን በየሦስት ወሩ በአንድ ስፍራና በአንድ ብርሃን ፎቶ ያንሣ፤ መሳሳቱ የጀመረበትን ጊዜ፣ የሚወስደውን መድኃኒትና በአባቱና በእናቱ ወገን ራሰ በራ የሆኑትን ሰዎች በወረቀት ይጻፍ፤ ይህንንም ይዞ ወደ ንቅለ ተከላ ክሊኒክ ከመሄዱ በፊት ወደ ቆዳ ሐኪም ይሂድ።